እንግሊዝኛ የጎደለው፣ የእኛ ቋንቋዎች የያዙት

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ!

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮችና አንባብያን! የዛሬው ርዕሳችን ከሰላምታችን ይጀምራል። «ዐለይኩም» ማለት «በእናንተ ላይ» ማለት ነው። ዐረብኛ ለአንድ ወንድ «ዐለይከ»፣ ለአንዲት ሴት «ዐለይኪ»፣ ለሁለት ሰዎች «ዐለይኩማ»፣ ለብዙ ሴቶች ደግሞ «ዐለይኩንነ» የሚሉ ቃላት አሉት። ሆኖም አንድ ሰው ብቻ ስናገኝ እንኳ በብዙ ቁጥር «ዐለይኩም» እንላለን። ዑለማዎች ይህን ሲያብራሩ ከሰውየው ጋር ያሉት መላእክትም በሰላምታው እንዲካተቱ ነው ይላሉ። እነዚህ አምስት ቃላት ወደ ዛሬው እንግሊዝኛ ሲገለበጡ ግን ልዩነታቸው ይጠፋል፤ ሁሉም «ዩ» ይሆናሉ።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ በሌሎች ከተሞቻችንም እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ እንደ ሊቅ ሲታይ፣ አዊኛ የሚናገር ልጅ ግን በቋንቋው እንዲያፍር የሚደረግበት ጊዜ አለ። ዲንን ከስልክ ላይ በእንግሊዝኛ የሚከታተሉ ወጣቶችም በዝተዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ምን እንደሚጎድለው ማወቅ ለቤተሰብም ለዲንም ይጠቅማል።

እንግሊዝኛ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰዎች «ዪ» ይባል ነበር። ከጊዜ በኋላ ትልቅ ሰውን በብዙ ቁጥር መጥራት አክብሮት ሆነ። አክብሮቱ እየሰፋ ሄዶ «ዩ» ለሁሉም ሰው ሲውል «ዛው» በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተራው ንግግር እየወጣ ሄደ። ሙሐመድ ማርማዱክ ፒክታል በ1930 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቁርኣን ትርጉም ውስጥ እነዚያን አሮጌ ቃላት ተጠቅሟል፤ በ1930ዎቹ የተረጎመው ዐብዱላህ ዩሱፍ ዐሊም እንዲሁ። አሮጌዎቹ ቃላት በዐረብኛው ውስጥ ያለውን የነጠላና የብዙ ልዩነት ለአንባቢው ያሳያሉ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ እንመልከት። የአት-ጦላቅ ሱራ የመጀመሪያ አንቀጽ (65፡1) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በመጥራት ይጀምራል። ወዲያው ስለ ፍች ሲናገር ግን ግሡ ወደ ብዙ ቁጥር ይዞራል። ጥሪው ለነቢዩ ሲሆን ሕጉ ለመላው ኡመት ነው ማለት ነው። ዒዳን መቁጠርም ሆነ ሚስትን ያለ አግባብ ከቤት አለማስወጣት የእያንዳንዱ ባል ግዴታ ነው። በአማርኛ «በፈታህ ጊዜ» እና «በፈታችሁ ጊዜ» የተለያዩ ስለሆኑ አንባቢው አይሳሳትም። በዛሬው እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ወጣት ግን ተርጓሚው በቅንፍ ካልረዳው ወይም ተፍሲር ካልተመለከተ «ይህ ለነቢዩ ብቻ የተነገረ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው የአክብሮት ጉዳይ ነው። አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እና «አንቱ» አለው። ግሡም አብሮ ይለወጣል፤ ሕፃኑ «መጣ»፣ አያቱ «መጡ» ይባላል። የነቢያችንን ሐዲሥ ስንናገር «ብለዋል» እንጂ «ብሏል» አንልም። በእንግሊዝኛ ግሡ ለሕፃኑም ለአያቱም አንድ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች አክብሮታቸውን በማዕረግ ስምና በሰለዋት ይገልጻሉ እንጂ ከግሡ ውስጥ አያገኙትም። በውጭ አገር ያደገ ልጅ አያቱን በስልክ «አንተ ደህና ነህ?» ቢል ባለጌ ነው አንበል። የለመደው ቋንቋ ይህን ምርጫ አይጠይቀውም። በእርጋታ «እርስዎ በል» ብሎ ማስተማር የወላጅ ድርሻ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን የእኛም ቋንቋ ሁሉ አልተሟላለትም። ዐረብኛ ነጠላና ብዙ ብቻ ሳይሆን «ሙሠንና» የሚባል ለሁለት ብቻ የሚውል ቁጥር አለው። በአር-ረሕማን ሱራ 31 ጊዜ የሚደጋገመው ጥያቄ በዚህ ቁጥር የቀረበ ነው፤ ሁለቱ ተጠያቂዎች ሰዎችና ጂኖች ናቸው። ይህን አማርኛም እንግሊዝኛም በግሥ ሊያሳዩት አይችሉም። ቱርክኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። «መጣ» ለማለት ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሆነ «ጌልዲ»፣ ከሰው የሰማውን ወይም ከምልክት የተረዳውን ከሆነ «ጌልሚሽ» ይላል። እኛ «መጣ አሉ» ብለን ቃል እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛም እንዲሁ። መጨመሩን ስንተወው ግን ወሬው እንዳየነው ነገር ሆኖ ይዛመታል። የአል-ሑጁራት ሱራ (49፡6) ወሬን አጣሩ ብሎ ያዘዘን ሰዎች ቋንቋችን ባያስገድደን እንኳ «አየሁ» እና «ሰማሁ»ን መለየት ግዴታችን ነው።

እንግዲህ ምን እንረዳለን? ማንኛውም ቋንቋ የሚጎድለውን በሌላ ቃል ሞልቶ ይናገራል። ልዩነቱ አንዱ ቋንቋ ተናጋሪውን ለይተህ ተናገር ብሎ ሲያስገድደው ሌላው ለተናጋሪው ፈቃድ መተዉ ነው። አዊኛም ከዚህ አይወጣም። ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው አዊኛ ለአንድ ሰውና ለብዙ ሰዎች የተለያየ መጠሪያ አለው፤ የዛሬው መደበኛ እንግሊዝኛ ይህ የለውም። ሮበርት ሄትዝሮን የተባለ የቋንቋ ምሁር የአዊኛን የግሥ ሥርዓት የሚያጠና ሙሉ መጽሐፍ በ1969 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሊቃውንት ይህን ያህል የደከሙለትን ቋንቋ ልጆቻችን ሲያፍሩበት ዝም ማለት አይገባንም። አላህም (ሱ.ወ.) በአር-ሩም ሱራ (30፡22) የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከተዓምራቱ ቆጥሮታል። የአላህን ተዓምር ደግሞ ማንም ሊንቀው አይገባም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! እንግሊዝኛን አስተምሩ፤ ዕውቀት ነው። ቤት ውስጥ ግን አዊኛውንም አማርኛውንም አትንፈጓቸው። ልጆች ሆይ! ቁርኣንን በእንግሊዝኛ ትርጉም ስታነቡ «ዩ» በሚለው ቃል ላይ ቆም በሉና «እዚህ የተጠራው ማን ነው? አንድ ነው ወይስ ብዙ?» ብላችሁ ዐረብኛውን የሚያውቅ ኡስታዝ ጠይቁ። የዐረብኛ ነሕው ትምህርት በየመድረሳው የሚሰጠውም ለዚሁ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።