የጠዋቷ ሲጋራ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በምሠራበት ፋርማሲ የሲጋራ ማቆሚያዎቹ መደርደሪያ ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ፊት ለፊት ነው። ፓቹ፣ ማስቲካው፣ ከረሜላው በየመጠኑና በየጣዕሙ ተደርድሯል። ሐበሻ ደንበኛ ከፊቱ ቆሞ ትንሽ ካመነታ በኋላ ዞር ብሎ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የቱ ይሻላል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ከእንቅልፍ ከነቁ በኋላ የመጀመሪያዋን የሚያጨሱት መቼ ነው?»

ብዙዎቹ ይገረማሉ። በቀን ስንት እንደሚያጨሱ እጠይቃለሁ ብለው ጠብቀዋል፤ ቁጥሩንም ቀነስ አድርገው ለመናገር ተዘጋጅተዋል። የጠዋቷን ሲጋራ ግን መደበቅ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ከአልጋው ሳይወርድ የሚለኩስ ሰው፣ ሰውነቱ ሌሊቱን ሙሉ ኒኮቲን ሲጠብቅ ያደረ ነው። በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ከማስቲካውም ሆነ ከከረሜላው ባለ 4 ሚሊግራሙን፣ ከዚያ በላይ የሚታገሥ ደግሞ ባለ 2ቱን ይውሰድ የሚለው መመሪያ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ግን የለም። ለፓቹ የሚታየው ብዛቱ ነው፦ በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ በ21 ሚሊግራም፣ 10 ወይም ከዚያ በታች የሚያጨስ በ14 ይጀምራል።

«ጠዋት» ስል ፀሐይዋን ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠራ አድሮ የሚተኛ ሰው ጠዋቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፓቹንም የሚለጥፈው ያኔ ነው። ከዚያ ስለ ውሎው እጠይቃለሁ። ኡበር የሚነዳ ሰው ተሳፋሪ አውርዶ ሌላ እስኪመጣ ባለው ክፍተት ያጨሳል። ሬስቶራንት የምትሠራ ደግሞ ብሬክ በወጣች ቁጥር ነው፤ ካላጨሰች ብሬክ የወጣች አይመስላትም። ፓቹ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እኩል መጠን ይሰጣል እንጂ ድንገት የሚነሳን አምሮት ሮጦ አይደርስበትም። ማስቲካውና ከረሜላው የሚያስፈልጉት ለዚያ ነው። ስለዚህ ብዙ ለሚያጨስ ሰው «ወይ ይሄ ወይ ያ» አልልም፤ ፓቹን ለጥፎ ማስቲካውን በኪሱ ይያዝ እላለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም እንደሚሻል ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚመዝነው ኮክሬን ደጋግሞ አሳይቷል።

ይህን ስል ፊታቸው ይለዋወጣል። «በኒኮቲን ላይ ኒኮቲን? ልቤ እንዲቆም ነው እንዴ የኔ ልጅ?» ይሉኛል፣ ፓኮው ከሸሚዛቸው ኪስ ብቅ እንዳለ። ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲኑ ነው፤ ሳንባን የሚያቃጥለው፣ ካንሰር የሚያመጣው ግን ጭሱ ነው። ሲጋራ ኒኮቲኑን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ያደርሳል፤ ፓች ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ለዚህም ነው ፓች ሱስ ሆኖበት የሚመጣ ሰው እምብዛም የማይገኘው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ ለእሱም ቢሆን ማጨሱን መቀጠሉ የባሰ ነው።

በሥራዬ ያየሁትን ልናገር ካልኩ፣ ሰው የሚሸነፈው የተሳሳተ ዕቃ መርጦ ሳይሆን ትክክለኛውን ዕቃ ቆጥቦ ነው። ማስቲካውን በቀን ሁለቴ አላምጦ «አልሠራልኝም» ብሎ ይመለሳል። መመሪያው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድና ሁለት ሰዓቱ አንድ፣ በቀን ቢያንስ ዘጠኝ ነው የሚለው። በሁለት ፍሬ ማስቲካ የአንድ ፓኮን አምሮት ልቋቋም ማለት በአንድ ጭብጥ ቡና ለሠርግ ቤት ማፍላት ነው።

ማላመጡም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እንደ ተራ ማስቲካ ቶሎ ቶሎ ያኘከው ሰው ኒኮቲኑን ከምራቁ ጋር ይውጠዋል፤ ሆዱ ይቃጠላል፣ ስቅታ ይይዘዋል፣ አምሮቱ ግን አይበርድም። በዝግታ ማላመጥ፣ በርበሬ በርበሬ ሲል ወይም ሲነዝር ማቆም፣ በጉንጭና በድድ መካከል ማሳረፍ፣ ሲጠፋ እንደገና ማላመጥ፤ በዚህ ዓይነት ግማሽ ሰዓት ያህል። አገር ቤት ጫት የቃሙ ሰዎች ይህን ለማስረዳት አያስቸግሩኝም፤ ጉንጭ ላይ ይዞ ማቆየቱን ያውቁበታል።

ዋናው ችግር ቡናችን ነው። ኒኮቲኑ ወደ ደም የሚገባው በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል ስለሆነ አፍ ውስጥ አሲድ ሲኖር መግባቱ ይቀንሳል። ቡና፣ ኮካ፣ የብርቱካን ጭማቂ ሁሉም አሲድ ናቸው። ስለዚህ ከማስቲካው በፊት ለ15 ደቂቃ፣ በአፍ ውስጥ እያለም፣ ምንም አይበላም፣ አይጠጣም። የእኛ ሰው ደግሞ ሲጋራ የሚያምረው በቡና ላይ ነው፤ ቡናውም አንድ ስኒ ሳይሆን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ማስቲካው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ከሁሉ ያነሰ ይሠራል ማለት ነው። ለደንበኞቼ የምሰጠው ምክር ቀላል ነው፦ ቡናው መቆላት ሲጀምር ማስቲካውን ይጀምሩ፤ ተወቅጦ፣ ፈልቶ እስኪቀዳ ማስቲካው ሥራውን ይጨርሳል። የቀረውን ፓቹ ይሸከመዋል።

ካቆሙ በኋላም ቡናው ጣጣ አለው። የሲጋራ ጭስ፣ ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ፣ ካፌይንን የሚያጣራውን የጉበት ኢንዛይም ያፋጥናል። ማጨስ ሲቆም ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለስና ያው የለመዱት ቡና በደም ውስጥ በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰው ይበሳጫል። አብዛኛው ሰው ፓቹን ይጠረጥርና ይነቅለዋል። መቀነስ ያለበት ቡናው ነው፤ በረካውን መተው ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል። እንደ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ያሉ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችም በዚሁ ምክንያት መጠናቸው በደም ውስጥ ከፍ ስለሚል፣ እነሱን የሚወስድ ሰው ማጨስ ከማቆሙ በፊት ሐኪሙ ሊያውቅ ይገባል።

በሐኪም ማዘዣ ከሚሰጡት እንክብሎች መካከል ጠንካራው ቫረኒክሊን ነው። ቻንቲክስ በሚለው ስም የታወቀው እሱ ነው። «ሰው ያሳብዳል ይባላል» የሚሉኝ አሉ፤ ወሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍዲኤ በእሱና በቡፕሮፒዮን ላይ የጭንቀትና ራስን የማጥፋት ሐሳብን የሚመለከት ከባድ ማስጠንቀቂያ አስጽፎ ነበር። በ2016 ግን ኢግልስ የተባለው፣ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ወጣ፤ ግማሽ ያህሎቹ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። አደጋው ከፓች ወይም ከባዶ እንክብል ጎልቶ የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም፤ ቫረኒክሊንም ከሁሉም በላይ ሰው አስተወ። ማስጠንቀቂያው በዚያው ዓመት ተነሳ። በ2021 ደግሞ ቻንቲክስ ባልተፈለገ የኬሚካል ብክለት ምክንያት ከገበያ ተሰበሰበ፤ አሁን የሚሰጠው በዚያው ዓመት የተፈቀደው ጀነሪኩ ነው። ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ለ12 ሳምንታት ይወሰዳል። ከባድ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት አይሆንም፤ ለብዙዎች ግን፣ በተለይ ውፍረትን ለሚፈራ፣ መጥፎ አማራጭ አይደለም።

ስለ ቬፕ የሚጠይቁ ወጣቶች አሉ። በቬፕ ሲጋራ የተው ሰዎች መኖራቸውን ጥናቱም ያሳያል፤ ኤፍዲኤ ግን ማቆሚያ መድኃኒት ብሎ የፈቀደው አንድም የለም። የማየው ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ሰው ስለሆነ እኔ አልመክረውም። «ለባለቤቴ ነው» ብለው ፓች የሚገዙ ሴቶችም አሉ፤ ሴት ልጅ አጨሰች መባል በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ለባለቤታቸው እንደሚሆን አድርጌ ሁሉንም አስረዳለሁ። ፓቹ ከልብስ ሥር ስለሚውል ለእነሱ ይመቻል።

አንድ የገንዘብ ነገር፦ ፓችና ማስቲካ ያለ ማዘዣ ይሸጣሉ፣ ዋጋቸውም ያስደነግጣል። ሐኪም ካዘዘው ግን ሜዲኬድና አብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ይከፍሉታል። ስለዚህ ካርድ ከመምዘዝ በፊት ለሐኪም ቤቱ መደወል ያዋጣል። በ1-800-784-8669 የሚገኝ፣ ሲጋራ ለማቆም የሚያግዝ ነፃ የስልክ አገልግሎትም አለ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ሁዳዴ ሲቃረብ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። «ጾሙ ሲገባ አቆማለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ቀኑ ከማንኛውም የማቆሚያ ቀን የተሻለ ነው፣ ቤተሰቡም ንስሐ አባቱም ከጎን ናቸው። ችግሩ ቫረኒክሊን ያለ ምግብ ሲወሰድ ሆድ ይገለብጣል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው የጠዋቱ እንክብል ፈተና ነው። ለእሱ ፓቹ ይሻላል። ማስቲካው ጾም ይፈታ እንደሆነ ንስሐ አባትን መጠየቅ ነው፤ በረመዳን ሙስሊም ደንበኞቼም ስለ ፓቹ ኢማማቸውን ይጠይቃሉ፤ እኔ የምመልሰው ስለ መድኃኒቱ አሠራር ብቻ ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ፋሲካ ነው። በ21 ሚሊግራም የሚጀምር ሰው ስድስት ሳምንት በዚያው ይቆያል፣ ሁለት ሳምንት በ14፣ ሁለት ሳምንት በ7። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በጾሙ የመጀመሪያ ቀን የጀመረ ሰው ወደ መጨረሻው፣ ወደ 7 ሚሊግራሙ የሚወርደው ልክ በትንሣኤ ማግስት ነው፤ ጠላው፣ ውስኪው፣ ዶሮው፣ ሲጋራ የሚያቀብለው ዘመድ ሁሉ በአንድ ቤት በተሰበሰበበት ሰሞን። ካርቶኑን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን ሊያስቡት አይችሉም። ስለዚህ ባለ 14ቱን ተጨማሪ ሳጥን አስገዝቼ ወደ 7 መውረዱን ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አደርገዋለሁ። ከተጻፈው ጊዜ በላይ ማስረዘም ይጎዳል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ኤፍዲኤ በ2013 ይህን የሚከለክለውን ጽሑፍ አስለውጦ ከሐኪም ጋር እየተመካከሩ መቀጠል እንደሚቻል ገልጿል። በበዓሉ ቀን ደግሞ ባለ 4 ሚሊግራሙ ከረሜላ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ከዶሮው በፊት ነው እንጂ ከዶሮው ጋር አይሠራም።