ቤት ስናድስ ምድጃውን አንርሳ



የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ክረምት በመጣ ቁጥር የአቅመ ደካሞችን ቤት በበጎ ፈቃድ ማደስ በሀገራችን እየተለመደ የመጣ መልካም ተግባር ነው። ወጣቶች ቆርቆሮ ይመታሉ፣ ግድግዳ ይመርጋሉ፣ በር ይገጥማሉ። አላህ ይቀበላቸው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳውን የቤቱን ምድጃ ነው።

ይህንን የምንናገረው ከራሳችን ስሕተት ተነስተን ነው። እዚሁ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ የአንዲት ባልቴት እናት ቤት በብርድና በፍሳሽ ተጎድቶ ስለነበር ከጎረቤቶች ጋር በደቦ ተነሳን። ስንጥቁን ሁሉ በጭቃና በጭድ መረግን፣ ጣሪያው ሥር ኮርኒስ ወጠርን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። ከሳምንት በኋላ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ዝናብ እየዘነበ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ፣ ብርዱን አስወጣችሁልኝ፤ ጭሱን ግን ዘጋችሁብኝ» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ጭሱ ይወጣበት የነበረውን ቀዳዳ የደፈንነው እኛው ነን።

ጭሱ ምን ያደርጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነርሱ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እሳት ዳር የሚውሉት እናቶች፣ ጀርባቸው ላይ ያዘሏቸው ልጆችም ቀዳሚዎቹ ተጎጂዎች ናቸው።

የከሰሉ ነገር ደግሞ ይብሳል። ጭስ የሌለው ከሰል ጉዳት የለውም ብለን እንዘናጋለን። ነገር ግን ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ አየር ይወጣዋል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። «ከሰል መታው» የምንለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ደፍኖ እሳቱን እንዳለ መተው ለድሃው አደጋ መጨመር ነው። ሰደቃችን ጎጂ እንዳይሆን ልንጠነቀቅ አይገባንምን?

ማገዶው የት ይሄዳል?

ሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት አብዛኛውን ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል፤ ለድስቱና ለምጣዱ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። በሀገራችን ቤቶች ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ማገዶ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሀገር ውስጥ የተሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ የሚገጣጠም ሲሆን እሳቱን ዙሪያውን ይከበዋል። ወደ ኋላ የሚወጣው ትርፍ ሙቀት ላይ ድስት ይጣድበታል። በአግባቡ ከተጠቀሙበት ከጉልቻው አንፃር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ሁለት እስር እንጨት ይፈጅ የነበረው ጋገራ በአንድ እስር ያልቃል ማለት ነው። ለከሰል ተጠቃሚዎች ደግሞ ውስጡ ሸክላ የሆነው «ላቀች» አለ። እርሱም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሲነፃፀር ሩብ ያህል ከሰል ያድናል። እንጨት ገዝቶ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቁጠባ የልጅ ደብተር፣ የዘይት መግዣ ነው።

እንዴት እንሥራ?

አንደኛ፦ ባለቤቲቱን እንጠይቅ። የት ትጋግራለች? ምጣዷ ምን ያህል ስፋት አለው? ሳንለካ የምናመጣው ምድጃ ከምጣዱ ጋር ካልገጠመ ማዕዘን ላይ ተጥሎ ይቀራል።

ሁለተኛ፦ ግድግዳ ከመምረጋችን በፊት ለጭሱ መውጫ እናብጅለት። ከምድጃው በላይ ጣሪያው ሥር ክፍተት እንተው፤ ከተቻለም ጭስ መውጫ ቱቦ ያለውን የምርጥ ዓይነት እንትከል። የማዳበሪያ ኮርኒስ እሳት ባለበት ክፍል አንወጥር፤ ቶሎ ይያያዛልና።

ሦስተኛ፦ ምድጃውን ሥልጠና ካላቸው አምራቾች እንግዛ፤ ወይም ከእነርሱ ተምረን እንሥራ። ሲሚንቶው ውሃ እየጠጣ ለቀናት ካልጠነከረ በእሳት ይሰነጠቃል።

አራተኛ፦ እንጨቱ ይድረቅ። በወለጋ ረጅም ክረምት እርጥብ እንጨት ማንደድ ጭስ መግዛት ነው። ከቤቱ ውጭ ጣሪያ ያላት ትንሽ የእንጨት ማስቀመጫ መሥራት ለወጣቶች የግማሽ ቀን ሥራ ናት። እንጨቱንም ቀጠን አድርገን እንፍለጥላቸው።

አምስተኛ፦ መብራት ያለው ቤት ከሆነ አሮጌውን ባለ 60 ዋት አምፖል አውልቀን ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ እንግጠምላቸው። ብርሃኑ ተቀራራቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ ይህም ወደ 390 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ አምፖሎች ማለት ነው። ስለዚህ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ጎረቤታሞች ተራ ይዘው በተከታታይ ቢጋግሩ ደጋግሞ ለማጋል የሚባክነው ይቀራል። የኤሌክትሪክ መስመርና ቆጣሪ ግን የባለሙያ ሥራ ነውና አንንካ።

ስድስተኛ፦ ተመልሰን እንጠይቅ። ሥራው ያለቀው መዶሻ ያስቀመጥን ቀን አይደለም። ከሳምንት፣ ከወር በኋላ ሄደን «እንዴት ሆነልዎ?» ማለት አለብን። እኛ ተመልሰን ባንሄድ ኖሮ ያቺ እናት ስንቱን ሌሊት በጭስ ባደሩ ነበር!

በመጨረሻም፣ የእኚያ እናት ቤት ዛሬ ምን ይመስላል ለምትሉን፦ ከጣሪያው ሥር መውጫ ከፈትን፣ ኮርኒሱን ከምድጃው በኩል አነሳን፣ በምጣዳቸው ልክ ምርጥ ምድጃ አስገባን። አሁን ውስጥ ተቀምጠው ይጋግራሉ፤ ስንሄድም ትኩስ እንጀራ ሳያቀምሱ አይለቁንም።

ውድ አድማጮቻችን! የጎረቤት ሐቅ ሙስሊም ክርስቲያን ብሎ አይለይም። በሰፈራችሁ ጭስ የሚያፍነውን ቤት ታውቁታላችሁ። በዚህ ሳምንት አንዱን በር አንኳኩ፤ መጀመሪያ ግን ጠይቁ። አላህ ሥራችንን ጠቃሚ ያድርግልን፤ አሚን።