ስለ ሟች ቤት ዕቃና ስለ ሐራጅ ሽያጭ፤ የፎገራ ምሳሌ

ሐራጅ የሟችን ዕቃ ለገዢው ያስረክባል፤ ስለ ዕቃው የሚነገረውን ታሪክ ግን አያስረክብም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጉድለት የባህልን ጥናት ምን ያህል እንደሚጎዳ ማስረዳት ነው።

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፥ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት ሜዳ ነው። ከተማው ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦሩ መንገድ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ይገኛል። አገሩ በላሞቹ የታወቀ ስለ ሆነ የወተት ዕቃ በቤት ውስጥ የተለየ ክብር አለው። ማለቢያው ግሬራ፥ መናጫው ቅል፥ የእህሉ ጎታ፥ መስፈሪያው ቁና፥ የቀንዱ ዋንጫና ሞሰቡ አንድ ላይ ሲታዩ የአንድን ቤተ ሰብ ኑሮ ይገልጻሉ። በወይራ ጢስ የታጠነ አሮጌ ግሬራ ለተጫራች ዋጋው ጥቂት ነው፤ ማን እንደ ሰፋው፥ ከየትኛዋ አያት እንደ ተወረሰ ለሚያውቅ ግን የትውልድ መዝገብ ነው።

እንደ ልማዱ ከተዝካር በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ንብረቱን ለወራሾች ያካፍላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለመክፈል የሚያስቸግር ዕቃ ቢኖርና ወራሾች ባይስማሙ፥ ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ እንዲከፈል ይፈቅዳል። ይህ ለፍትሕ የሚበጅ ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ሲከፈል ትዝታ አይከፈልም።

ጉዳቱ በትልቅ መጠን የታየው በዚሁ አገር ሀብት ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የወሰዱት ሀብት በደብረ ታቦር አልፎ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ፥ በደላንታ ሜዳ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በሐራጅ ሸጠው። የተገኘው 5000 ፓውንድ ያህል ሲሆን ለእያንዳንዱ ወታደር ከ4 ብር ጥቂት የሚበልጥ ደረሰው። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ የብራና መጻሕፍት ገዛ፤ ለሙዚየሙም 350 ያህል ገቡለት።

ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትንና ኵርዐተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉን ግን ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ስለ ነበር አልተገኘም። ሁለቱም ሊጠየቁ የቻሉት ስማቸውና ታሪካቸው ስለ ታወቀ ነው። ስሙ ያልተጻፈለትን ዕቃ ማንም ስለማያውቀው ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ ተመራማሪ በፎገራ ገጠር ሲሠራ ንብረቱ ከመከፈሉ አስቀድሞ፥ ዘመዶች ለተዝካር በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ቢገኝ ይጠቅማል። የዕቃውን ስም፥ የሠሪውን ማንነት፥ አገልግሎቱንና ወደ ቤቱ የመጣበትን ምክንያት ከአረጋውያን አፍ ይጻፍ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ይሁን እንጂ የመዝጋቢው እጅ እስከ ግሬራው ድረስ እምብዛም አይደርስም። ያን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው የተማሪው ደብተር ነው።