ከታንክ ወደ ሞፈር፦ የአምባሰል ገበሬ ውትድርናና ያልተዘጋው የመቋቋም ጥያቄ

በደቡብ ወሎ፣ በግሸን ደብረ ከርቤ ዙሪያ ባሉት የአምባሰል ቀበሌዎች ዛሬ ስልሳ ዓመት አካባቢ የሆናቸው ገበሬዎች መንግሥት ከእርፍ ላይ አንሥቶ ወታደር ያደረጋቸው፣ ኋላም ያለ በቂ መቋቋሚያ ወደ እርሻ የመለሳቸው ትውልድ ናቸው። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ዜጋ ሁሉ የ6 ወር ሥልጠና ወስዶ 24 ወር እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት እንዲቆይ ያስገድድ ነበር። ምልመላው ግን በኮታ፣ ማለትም ለየገበሬ ማኅበሩ በሚደለደል የሰው ቁጥር ይፈጸም ስለነበር፣ ኮታው በጎደለ ጊዜም አፈሳ ይከተል ስለነበር፣ የአዋጁ ሸክም ከሁሉ ይልቅ በገጠሩ ላይ ወደቀ። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ቤተሰቡ ለሳሳበትና በሠፈራ ብዙ ሰው ለሄደበት ለወሎ ገበሬ አንድ ጎልማሳ ልጅ ከቤት መውጣቱ የእርሻው መቆም ማለት ነበር።

ከተመልማዮቹ ወደ ሜካናይዝድ ጦር፣ ማለትም በታንክና በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ወደሚዋጋው ክፍል የተመደቡት የዚያ ጦር ዋና መሣሪያ የነበረውን ሶቪየት ሠራሽ ቲ-55 ታንክ ተማሩ። ታንኩ 36 ቶን ያህል የሚመዝን፣ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ የተጠመደበት ሲሆን፣ በውስጡ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ሾፌር ይይዛል። አጉራሹ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብሎ 30 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጥይት እያነሣ መድፉን ያጎርሳል፤ ሾፌሩ ክዳኑ ሲዘጋ ውጭውን የሚያየው በትንሽ መመልከቻ መስተዋት ብቻ ነው። በበሬ ሲያርስ ያደገ ወጣት ሞተርን፣ ሰንሰለትንና የመድፍ አነጣጠርን በአጭር ጊዜ ማወቁ፣ ዕድሉን ቢያገኝ የትኛውንም ሙያ ሊይዝ ይችል እንደነበር በቂ ማስረጃ ነው።

ይህ ሙያ በምን ሁኔታ ሥራ ላይ እንደዋለ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ታየ። በዚያ የነበረው የመንግሥት ጦር፣ የናደው እዝ፣ ታንኮችና ተሽከርካሪዎች በጠባብ ሸለቆ ወደኋላ ሲያፈገፍጉ የፊተኞቹ ተመትተው መንገዱ ተዘጋ፤ የቀሩት በአማፂው በሻዕቢያ እጅ እንዳይወድቁም የገዛ ወገናቸው አየር ኃይል ደበደባቸው። ብረቱን ማትረፍ ስላልተቻለ የተወሰደው ውሳኔ በአካባቢው ለነበሩት ሠራተኞቹ ምን ማለት እንደነበር ማሰብ ያማል። በ1981 ዓ.ም. ሽሬ፣ በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ወደቁ፤ ጦርነቱም ወሎ ገባ።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ ሥርዓት ሲወድቅ ከ450 ሺህ የማያንስ ሠራዊት ተበተነ። ለዚሁ የተቋቋመው ኮሚሽን የቀድሞ ወታደሮችን እንደ ጦላይና ታጠቅ ባሉ ካምፖች ሰብስቦ መዝግቧል፤ ወደ ገጠር ለተመለሱትም የምግብ እህል፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ በአንዳንድ ቦታም በሬ አድሏል። የአገሪቱን አቅም ለሚያስብ ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። ሆኖም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መሬት ነበር፤ መሬት ደግሞ በኮሚሽኑ እጅ አልነበረም። በሌለበት መሬቱ የተደለደለበት ተመላሽ የወላጁን ማሳ መካፈል ወይም የእኩል ማረስ፣ ማለትም ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር እየተካፈለ የሌላ ሰው መሬት ማልማት ግድ ሆነበት። የአማራ ክልል የ1998 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድልድልን ከአብዛኛው ባለ ይዞታ ፈቃድ ጋር ሲያስተሳስር ተመላሹ የራሱን መሬት የሚያገኝበት በር ይበልጥ ጠበበ። ዘላቂ የጡረታ አበል ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ስለሚጠይቅ፣ በውትድርና አዋጁ የተወሰነለትን ጊዜ ብቻ ያገለገለ ዘማች ከዚህ ውጭ ነው።

ሙያው ግን መፈለጉ አልቀረም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ታንከኞችን ጨምሮ የቀድሞው ጦር አባላት ተመልሰው ተጠሩ፤ ከጦርነቱ በኋላም ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት እንደገና ተቀነሰ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ የእርስ በርስ ጦርነት ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ የቀድሞ ወታደሮች ወደ ሠራዊቱ እንዲመለሱ ጥሪ ተላለፈ። ጥሪው በወጣ ቁጥር የዘማቹ ሙያ የሚታወስ ከሆነ፣ ያገለገለበት ዘመን በመሬትና በጡረታ መዝገብ የማይታሰብበት ምክንያት ሊገባን አይችልም፤ ይህን የማረም ኃላፊነትም ጥሪውን የሚያስተላልፈው የመንግሥት ነው።