የስልክ ፕሮግራም ፍጥነት እንዴት ይለካል?

ጣታችንን ስናንሸራትት ገጹ ለምን ይንቀራፈፋል? ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስልክ አንዱን ምስል ለማዘጋጀት ያለው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ላይብረሪ የሚባለው፣ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ ይህን ጊዜ ከበላ ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል፤ ይልቁንም ርካሽ ስልክ ለያዘ ተማሪ።

ታዲያ ኮዱን አንዴ አስኪዶ ሰዓት ማየት አይበቃም። ለምን ቢሉ፦

1ኛ/ አንድሮይድ ላይ ኮዱ መጀመሪያ ይዘገያል፤ ሲደጋገም ወደ ማሽን ቋንቋ ተተርጉሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ከመለካት በፊት ማሟሟቅ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ስልኩ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

3ኛ/ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ አስመሳይ ስልክ አያስተማምንም፤ በእውነተኛው ስልክ መለካት ይገባል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጄትፓክ ቤንችማርክ ያሟሙቃል፣ ይደጋግማል፣ ውጤቶቹ ሲደረደሩ መሀል የሚውለውን ቁጥር በናኖሰከንድ ይነግረናል። ቁጥሩ ግን «ስንት» ይላል እንጂ «የት» አይልም፤ ጊዜው የት እንደጠፋ የሚያሳየው ፕሮፋይለር ነው።

እኛ የነገ መምህራን ተማሪን በአንድ ፈተና ብቻ እንደማንመዝን ሁሉ፣ በኮድም ላይ በአንድ ልኬት አንፍረድ። ሳይለኩ «አፈጠንኩት» ማለት ወሬ ብቻ ነው!