የፊልም ጸሐፊ ያለበት ቤት

ፊልም አይቶ የወጣ ሰው ስለ ተዋናዮቹ ያወራል፤ ስለ ሙዚቃውና ስለ አልባሳቱም ያወራል። “ማን ነው የጻፈው?” ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። እኔ በዚህ ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማም ለሲኒማም ጽፌያለሁ። ሥራዬን የሚያውቁ ወላጆች ታክሲ ጥበቃ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ሲያገኙኝ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ “ልጄ ፊልም እጽፋለሁ ብሎ ተነሥቷል። ምን ብዬ ልምከረው?” ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ነው ዛሬ እዚህ የምጽፈው። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ቤተሰቡንም ምን እንደሚያስከፍለው ሳያውቁ መመረቅም መከልከልም ይከብዳልና።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ልናገር። እኛ ስክሪፕት የምንለው የፊልም ጽሑፍ እንደ ልብ ወለድ አይደለም። የልብ ወለድ ደራሲ “ልጅቷን እናቷ ናፈቀቻት” ብሎ ማለፍ ይችላል። ካሜራ ግን ናፍቆት አይቀርጽም። ስክሪፕት ላይ የሚሰፍረው በዓይን የሚታየውና በጆሮ የሚሰማው ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ራሱን ይጠይቃል፤ ልጅቷ እናቷ ስትናፍቃት ምን ታደርጋለች? የእናቷን ነጠላ ከሣጥን አውጥታ ትለብሳለች? ሁለት ሲኒ አቅርባ አንዱን ሳትቀዳ ትተወዋለች? ትክክለኛዋን አንዲት ነገር ለማግኘት ሦስት ቀን የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

በደንብ የተሠራ ምሳሌ ልስጥ። የያሬድ ዘለቀ “ላምብ” በ2007 ዓ.ም. በካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከነበጉ ዘመድ ቤት ይቀራል። ልጁ ምግብ ማብሰል ይችላል። በጉን ለማዳንና ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ለማግኘት ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይወጣል። ሐዘኑንና ናፍቆቱን የምናየው እጁ በሚሠራው ነው። ይህን አስቦ ማግኘት ነው የጸሐፊ ሥራ።

ልኬቱም የታወቀ ነው። በሥርዓቱ የተጻፈ አንድ ገጽ ሲቀረጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የ100 ደቂቃ ፊልም ማለት 100 ገጽ ግድም ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን አንዴ ጽፎ አስረክቦ መገላገል የለም። ዳይሬክተሩ አንብቦ “መሐሉ ይንዛዛል” ይላል። ፕሮዲዩሰሩ “ሠርጉ ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ ወጪው አይቻልም፤ ሽምግልና አድርጊው” ይላል። ተከታታይ ድራማ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቅዳሜ ለሚቀረጽ ክፍል ሐሙስ ማታ ስልክ ይደወላል፤ ተዋናይዋ ታማለች። በዚያች ሌሊት ገጸ ባሕርይዋ ዘመድ ጥየቃ ክፍለ ሀገር ትሄዳለች፤ ጸሐፊዋም ሳትተኛ ይነጋል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የመጀመሪያው ዋጋ ጊዜ ነው። ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ይገባል፤ የጸሐፊ ሱቅ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሆነ አብሮት ይገባል። ትንሹ ልጄ አንድ ቀን አያቱ ደውላ “እናትህ አለች?” ስትለው “አለች፤ ግን እየጻፈች ነው” ብሏታል። ለእሱ የለችም ማለት ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ቤቱ እስኪነቃ መጻፍ ልማዴ ሆነ። ያም ሆኖ የማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣው፣ ምሳ ዕቃቸውን የምታጥበው፣ የቤት ሥራቸውን የምታየው እናቴ ናት። ፊልሙ ሲያልቅ የመብራት ባለሙያውም የምግብ አቅራቢውም ስም ይወጣል። የእናቴ ስም ወጥቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ዋጋ ገንዘብ ነው። እኔ የለመድኩት ክፍያ በሦስት የተከፈለ ነው፤ ስንፈራረም፣ ረቂቁ ሲገባና ቀረጻ ሲጀመር። ገንዘብ ጠፍቶ ቀረጻው ከቀረ ሦስተኛው ክፍያም አብሮ ይቀራል። ከጻፍኳቸው ውስጥ ተቀርጸው የታዩት ከግማሽ ያንሳሉ። ለብዙ ዓመት የቤት ኪራዩን የከፈለው የባለቤቴ ደመወዝ ነው።

ታላላቆቹንም ቢሆን ይህ ሥራ ያስጠብቃል። ኃይሌ ገሪማ “ጤዛ”ን ሠርቶ ለማውጣት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ሲያገኝ የሰማነው ደስታውን ነው፤ የጥበቃው ዓመታት ለዜና አይሆኑም። ሀብታሟ አሜሪካ ውስጥ እንኳ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ሥራ አቁመው 148 ቀን ቆይተዋል። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ሥራቸው በኢንተርኔት ሲታይ የሚገባቸው ክፍያ ነበር።

ለቤተሰብ የሚጠቅም አንድ ነገር ሕጉ ውስጥ አለ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም፤ ጥበቃ ያለው የተጻፈው ሥራ ነው። ካፌ ተቀምጦ የተወራ ታሪክ ባለቤት የለውም ማለት ነው። የተጻፈ ከሆነ ግን የገንዘብ መብቱ ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመት ይቆያል። ውሉ ላይ “ሙሉ መብቱን አስተላልፌያለሁ” ብሎ የፈረመ ሰው የልጆቹንም ድርሻ አብሮ ሊሰጥ እንደሚችል ይወቅ።

ሦስተኛው ዋጋ ከሁሉም ይከብዳል። የምንጽፈው ከሰው ሕይወት ወስደን ነው፤ ቅርባችን ያለው ሰው ደግሞ ቤተሰብ ነው። በእውነተኛ የፍርድ ጉዳይ ላይ የተመሠረተው “ድፍረት” በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ዓመት ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ በሚመረቅበት ምሽት ግን ከባለታሪኳ መብት ጋር በተያያዘ ክርክር በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታግዷል። ማን ትክክል ነበር ብዬ ለመፍረድ አይደለም። “ታሪኩ የማን ነው?” የሚለው ጥያቄ እስከ ችሎት እንደሚደርስ ለማሳየት ነው።

እኔ ቤት የደረሰው በቡና ላይ ነው። ከአረብ አገር የተመለሰች አንዲት ዘመዴ ያሳለፈችውን አጫወተችኝ። ፈቅዳልኝ ጻፍኩት፤ ውል የተፈራረምኩት ፕሮዲዩሰርም ወደደው። ከማስረከቤ በፊት እያንዳንዱን ትዕይንት ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እየሳቀች፣ አንዳንዴም ዝም እያለች ሰማችኝ። አንዱ ጋ ስንደርስ እጇን አነሣች። “ሌላው ሁሉ ይሁን። ይህችን ግን አውጪልኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ናት፤ ጓደኞቿ ያያሉ” አለችኝ። የቱ ትዕይንት እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም። እስካሁን ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

አወጣሁት። ፕሮዲዩሰሩ “ፊልሙ እኮ እሱ ነው! ያለ እሱ አልሠራም” አለ፤ ተለያየን። የተቀበልኩት ቅድሚያ ክፍያ ይመለስ ተባለ። ገንዘቡ የልጆቹ የመንፈቅ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኖ አልቆ ስለነበር ከባለቤቴ ጋር በእቁብ ከፈልነው። ስክሪፕቱ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ነው። ዘመዴም በበዓል እየመጣች ቡና ትጠጣለች፤ ከእኔ ፊትም ሳትጠነቀቅ ታወራለች። እኔ የከፈልኩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ “ፊልም እጽፋለሁ” ያለ ልጅ ያላችሁ “ይህም ሥራ ሆኖ?” አትበሉት። ይልቅ “አንዱን ጨርሰህ አሳየኝ” በሉት። የሚጀምር ብዙ ነው፤ መቶ ገጽ የሚጨርስ ጥቂት ነው። ከጨረሰ፣ እስኪሸጥ ድረስ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ አብራችሁ አስቡ፤ ማስተማርም ቢሆን፣ ትርጉም ሥራም ቢሆን። ውል ሳያስነብብ እንዳይፈርም አደራ በሉት።

እናንተ አያቶች ደግሞ ታሪክ አትንፈጉት። ያሳለፋችሁትን ካልነገራችሁት ከየት ያመጣዋል? ብቻ ስትነግሩት ለዩለት፤ “ይሄን ጻፈው፤ ይሄ ግን ለአንተ ነው፣ ለፊልም አይደለም” በሉት። ደህና ጸሐፊ የሚወጣው ከሆነ ይገባዋል።