ዓሣ አልበላም የሚል ልጅ

ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ዓሣ በአማካይ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የዓለም አማካይ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ጣና፣ ዝዋይ ወይም ጫሞ ዳር ያደገ ልጅ ዓሣን ከሽሮ እኩል ያውቀዋል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያደገው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በዐቢይ ጾም ነው፤ ያውም ቤተሰቡ በጾም ዓሣ ከሚበሉት ወገን ከሆነ። (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው።) 55ቱ ቀን አልቆ ፋሲካ ሲገባ ዓሣው ከገበታ ይጠፋል፤ ልጁም በዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ልጆች ዓሣን የሚሸሹበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው መቆራረጥ ነው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ የማያውቀውን ምግብ መጠራጠሩ የዕድሜው ጠባይ ነው። የሕፃናትን አመጋገብ ያጠኑ ባለሙያዎች ደጋግመው እንዳዩት፣ ልጅ አንድን አዲስ ምግብ እስኪለምድ 8፣ 10፣ አንዳንዴም 15 ጊዜ መቅመስ ሊኖርበት ይችላል። እኛ ግን ሦስቴ ሞክረን «ይሄ ልጅ ዓሣ አይወድም» ብለን እንፈርዳለን፤ እሱም ቁጭ ብሎ እየሰማ። እንግዳ ፊት ሁለት ጊዜ ከተባለለት በኋላማ ማን ያስለውጠዋል?

ስለዚህ በትንሹ፣ ግን ሳያቋርጡ መስጠት ነው የሚያዋጣው። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ጥፍር የምታክል ቁራሽ፣ ከሚወደው ድንች ወይም ሩዝ አጠገብ። ከተዋት ይተዋት፤ በሌላ ቀን ትመለሳለች። «ብላ፣ ብላ» እያሉ መጨቅጨቅ ጥላቻውን ያብሰዋል። «ከጨረስክ ከረሜላ አለ» ማለት ደግሞ ከረሜላው ሽልማት፣ ዓሣው ቅጣት መሆኑን ያስተምራል። አባት አፍንጫውን ይዞ «ኤጭ፣ ሸተተኝ» እያለ ልጁ እንዲበላ መጠበቅም ከንቱ ነው። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የትልልቆቹን ፊት ያያል።

ሽታው ግን እውነተኛ ችግር ነው። ዓሣ ሲቆይ ባክቴሪያ ሥጋውን እያፈረሰ አሚን የተባሉ የሚሸቱ ነገሮችን ይፈጥራል። የሎሚ አሲድ እነዚህን ወደ አፍንጫ ወደማይተንኑ ጨዎች ይለውጣቸዋል፤ እናቶቻችን ዓሣን በሎሚ የሚያሹት ያለ ነገር አይደለም። ይህ ሲባል ሎሚ የተበላሸውን ዓሣ አያድነውም። ስትገዙ ዓይኑ ጥርት ያለ መሆኑን እዩ፤ ጉንጩን ገልጣችሁ ውስጡ ቀይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ መነሣት አለበት። ከሐይቅ ዳር ተነሥቶ ያለ በረዶ የዋለ ዓሣ ለልጅ የመጀመሪያ ዓሣ መሆን የለበትም። በመጀመሪያው ቀን የተጠላ ሽታ ለብዙ ጊዜ ሳይረሳ ሊቆይ ይችላል።

ከሽታው ይልቅ ወላጅን የሚያስፈራው እሾሁ ነው፤ ልክም ነው። እዚህ ላይ የዓሣው ዓይነት ብዙ ለውጥ ያመጣል። ቆሮሶ የጀርባና የጎን አጥንቱ ከወጣለት ሥጋው ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ አምባዛም እንደዚያው። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚባሉት የባርበስ ዝርያዎችና ካርፕ ግን በሥጋቸው መሐል የተሰገሰጉ፣ ጫፋቸው የተሰነጠቀ ቀጫጭን እሾሆች አሏቸው። ጣዕማቸው ግሩም ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ግን አይሆኑም። ፊሌት ገዝታችሁም ቢሆን ከበሰለ በኋላ በጣታችሁ ፈርፍሩት፤ ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። በእንጀራ ጠቅልሎ ማጉረስ ግን ለጊዜው ይቆይ። እሾህ እንጀራ ውስጥ ከተደበቀ የልጁ ምላስ አያገኘውም።

እሾህ የልጁ ጉሮሮ ላይ ከተሰካ ደረቅ እንጀራ ወይም ዳቦ ማስዋጥ የቆየ ልማድ ነው። እሾሁን ይበልጥ ሊተክለው ስለሚችል አይመከርም። ልጁ መዋጥ ካቃተው፣ ለሐጩ ከተዝረበረበ ወይም መተንፈስ ከከበደው በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 6 ወር ለሞላው ሕፃን የተቀቀለ ቆሮሶ ከድንችና ካሮት ጋር አድቅቆ መስጠት ይቻላል። ዓሣ አለርጂ ከሚያስነሡ ምግቦች አንዱ ስለሆነ መጀመሪያ ቀን በጣም ትንሽ፣ በቀን ብርሃን፣ ሌላ አዲስ ምግብ ሳይጨመርበት ይሁን። ፊት ካበጠ፣ ሰውነት ሽፍ ካለ ወይም ትውከት ከመጣ ማቆምና ሐኪም ማማከር ነው፤ ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገዩ መሮጥ። ከፍ ላሉት በዱቄትና በእንቁላል ተነክሮ የተጠበሰ ኮተሌት ተወዳዳሪ የለውም፤ የሚንኮሻኮሽ ነገር የሚጠላ ልጅ እምብዛም አይገኝም። ጉላሹም ሚጥሚጣና ቃሪያ ካልገባበት ይሆናል። የሐዋሳን አሞራ ገደል የሚያውቅ ሰው እዚያ ጥሬ ዓሣ በዳጣ እንደሚበላ ያውቃል፤ ይህ ለትልልቆቹ ይቅር። የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትሎች ሊኖሩበት ስለሚችሉ ለልጅ የሚሰጠው እስከ ውስጡ የበሰለ ብቻ ነው።

ትኩስ ዓሣ በማይደርስበት ከተማ የቆርቆሮው አለ። ፓስታ በቱና ብዙ የከተማ ልጅ ሳያውቀው ዓሣ የለመደበት ምግብ ነው። ሰርዲን ደግሞ እንደ እኔ ከቱና ይበልጣል፤ በኦሜጋ 3 የበለጸገ፣ ሜርኩሪው አነስተኛ፣ የለሰለሰው አጥንቱም ካልሲየም ያለው ነው። ጨዉ ስለሚበዛ ግን ዘይቱን ወይም ውሃውን አጥልሉት።

ሽሪምፕና የመሳሰሉት ክንፍና ቅርፊት የሌላቸው ስለሆኑ በብዙ ኦርቶዶክሳውያን ቤት አይገቡም፤ አምባዛንም ቅርፊት የለውም ብለው የሚተዉ አሉ። ልጁ በዚህ ምክንያት የሚቀርበት ነገር የለም፤ ቆሮሶ ይበቃዋል። 100 ግራም የዓሣ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል፤ ቢ12 የተባለውም ቫይታሚን አለው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 37 በመቶው በዕድሜያቸው ልክ ቁመት ያልጨመሩ ስለነበሩ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጠኑም አያስጨንቅ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በአንድ ጊዜ 30 ግራም ገደማ፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት ላለው 60 ግራም ገደማ፣ በሳምንት 2 ጊዜ ይመክራል። በዚህ ስሌት 100 ግራም የሚመዝን አንድ የቆሮሶ ፊሌት ሁለት ትንንሽ ልጆችን አብልቶ ለእናትም ይተርፋል።